ሰባቱና አምስቱ በቀትር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሱቁ ልጆች ላፕቶፕ ሸለሙኝ። ቀጭን ነው፣ ያምራል፣ ክዳኑን ከፍ ሳደርገው ስክሪኑ በርቶ ጠበቀኝ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ገለበጥኩት። ብሎን የለውም። ጠርዙን በጥፍሬ ዳሰስኩ፤ መግቢያም የለውም።

«ጋሽ ተካ፣ ይኼኮ አይፈታም» አለኝ አንደኛው እየሳቀ። ሜሞሪው ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ ባትሪው በማስቲሽ ተለጥፏል፣ ከተበላሸ ይጣላል እንጂ አይጠገንም። ዕድሜውን ሙሉ ላፕቶፕ ሲፈታ ለኖረ ሰው የማይፈታ ላፕቶፕ ይሸለማል? አመስግኜ ተቀበልኩ፣ ፎቶም አብሬ ተነሳሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን ደሜ ፈላ። ንዴቴ እስኪበርድ የሥራ ዘመኔን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ፤ የምጽፈውም በዚያው በማይፈታው ላይ ነው።

ሙያውን የጀመርኩት ድሬዳዋ፣ አቶ በላቸው የሚባሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነው። የአቶ በላቸው ዘዴ አንድ ነበር። የመጣውን ሬዲዮ መጀመሪያ በመዳፋቸው ይመቱታል። ካልተናገረ አዙረው በሌላ ጎኑ ይመቱታል። ሽቦና መበየጃ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያናድደው አብዛኛው በመጀመሪያው ጥፊ መሥራቱ ነው። እሳቸው ዘንድ ሁለት ነገር ተማርኩ፤ አንደኛ መበየድ፣ ሁለተኛ ደንበኛ እያየ አለመምታት።

ከዚያ በባቡር ጅቡቲ ወረድኩ። አንድ ዘመዴ «እዚህ ኮምፒውተር ሞልቷል፣ ጠጋኝ ግን የለም» ብሎኝ ነበር። ውሸቱን ነው። ጠጋኙም ሞልቷል። ሥራ ያገኘሁት ከየመን ቤተሰብ የተወለደ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ኢንጂነር ሰሚር የሚባል ሰው ዘንድ ነው። ሰሚር ከዱባይ አሮጌ ላፕቶፕ በኮንቴነር ያስመጣል፣ እኛ አጽድተን እንሸጣለን። ደመወዙ አያኮራም አያሳፍርም። ሰሚር ቁጥር ይወዳል። እያንዳንዱን ማሽን በመፈተኛ ፕሮግራም ያስሮጥና ያገኘውን ነጥብ በወረቀት ጽፎ ክዳኑ ላይ ይለጥፋል። ሐሳቡ ደንበኛ ራሱ አወዳድሮ እንዲመርጥ ነበር። ደንበኛው ግን ነጥቡንም እንደ ዋጋ መከራከር ጀመረ። አንዷ «በቃ ትንሽ ነጥብ ጨምርልኝና ልውሰደው» ትላለች። ሌላው ደግሞ ነጥቡን ዝቅ አድርገህ ዋጋውንም ዝቅ አድርግልኝ ይላል። ሰሚር ፕሮግራሙ ነው የሚሰጠው እያለ ሲምል፣ «ፕሮግራሙን ጥራልኝ፣ እኔ አናግረዋለሁ» ያለው ሽማግሌም ነበር። በመጨረሻ ሰሚር ሱቁን ዘግቶ የአየር ማቀዝቀዣ ንግድ ውስጥ ገባ፤ በዚህ ሙቀት አገር ኤሲ የሚሸጥ ሰው አይጨነቅም።

እኔም ቡላኦስ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ሱቅ ወዳላቸው ወደ ሐጂ ዋይስ ሄድኩ። ሙያ የምለውን ነገር ያየሁት እዚያ ነው።

ሐጂ ዋይስ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይሠራሉ። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከኔ ይበልጥ የድሬ ነው። ሶማሌ፣ ልጁ ገና አፉን ሲፈታ፣ የአባቶቹን ስም እስከ ላይ ያስቆጥረዋል፤ ሐጂም ያንኑ በላፕቶፕ ላይ ያደርጉት ነበር። አንድ ሰው «ቀርፋፋ ሆነብኝ» ብሎ ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር፣ ክዳኑን ሳይነኩ፦

«የማን ልጅ ነው?» ይላሉ።

«ኧ... የወንድሜ ነበር።»

«ከወንድምህ በፊትስ?»

«አንድ የመርከብ ሰው ነው የሸጠለት።»

«የት ነው ያደገው? ኤሲ ቤት ነው ወይስ በረንዳ? ድመት አለ? አልጋ ላይ ነው የምትጠቀምበት?»

አንዱ ተናዶ «ፓስፖርት ላወጣለት አይደለም፣ ሥራልኝ ነው ያልኩት!» ብሎ ጮኾባቸዋል። ሐጂ ግን ታሪኩን ሳይሰሙ አይፈቱም። በገባሁ ሰሞን ደግሞ አንድ ተማሪ ሊገዛ ስላሰበው ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ማወቅ ፈልጎ «ስንተኛ ትውልድ ነው ሐጂ?» ሲላቸው፣ የተጠየቁት ስለራሳቸው መስሏቸው ዋይስ ብለው ጀምረው አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን እያሉ ወደ ላይ ወጡ። ልጁ በትሕትና እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ገዛ።

ሁለተኛው ልማዳቸው እኔን የሚገድለኝ ነበር። የተጠገነ ማሽን የሚፈተነው ቀትር ላይ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ የፊቱም የኋላውም በር ተከፍቶ ነው። ያውም በሐምሌ፣ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አሸዋ ይዞ ሲገባ። «አሁን ይሩጥ» ይላሉ ላባቸውን እየጠረጉ። ፈተናው ማለቅ ያለበት ደግሞ ጫት የጫነው መኪና ከመግባቱ በፊት ነው፤ እሱ ከገባ በኋላ በቡላኦስ ፈታኝም ተፈታኝም አይገኝም። እኔ ይኼን ሁሉ የመብራት ሒሳብ ንፉግነት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ለባለቤቴም እንደዚያ ነው የነገርኳት።

እንግዲህ የዘነበችን ነገር ልናገር።

ዘነበች የኮምቦልቻ ልጅ ናት። የፈረንጅ ባልና ሚስት ቤት እዚያው እያደረች ትሠራለች፤ ባልየውን ሙሴ፣ ሚስትየዋን ማዳም ነው የምትላቸው። ማታ ማታ ኮምፒውተር ተምራ ኤክሴል ላይ እጇ ይፈጥናል። አሠሪዎቿ የሥራ ጊዜያቸው አልቆ ሊሄዱ ነው። እነሱ ሲሄዱ እሷ ቤትም ሥራም የላትም፤ ያላት ምርጫ ሌላ ወጥ ቤት፣ ወይም ባሕር ማዶ ልሻግርሽ እያለ የሚያባብላት ደላላ ነው። ሦስተኛ መንገድ የከፈተላት ግርማ የሚባል የአገራችን ሰው ነው። ግርማ ከሃያብለ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ የከባድ መኪኖቹ መንገድ ዳር በኮንቴነር ውስጥ የትራንዚት ቢሮ አለው። «ኮምፒውተርሽን ይዘሽ እሑድ ነይ፤ የመኪኖቹን ወረቀት ሰልፉ ሳይቆም ካስገባሽልኝ ወንበሩ ያንቺ ነው» ብሏታል።

ኮምፒውተር ግን የላትም። ይኼን የሰሙት ሙሴና ማዳም ሁለቱም አሮጌ ላፕቶፕ ነበራቸውና ሁለቱም «የኔን ውሰጂ» አሏት። አንዱን ብቻ ነው የምትወስደው፤ የቀረው ለትምህርት ቤት ቃል ተገብቷል። የሙሴ ማሽን ፕሮሰሰሩ ስም ላይ ሰባት ቁጥር አለበት፣ የማዳም አምስት። ዘመናቸው አንድ ነው። ሙሴ ሰባት ከአምስት ይበልጣል ባይ ነው። ማዳም ደግሞ የሙሴ ነገር ሁሉ በቁጥር ብቻ እንደሚበልጥ ነገረችው። ዘነበች በመካከል ሆና የትኛውንም ብትመርጥ አንዱ አኩርፎ እራት አይበላም። ስለዚህ ሦስቱም ሁለቱን ማሽን ይዘው ሱቃችን መጡ።

ሐጂ በዚያ ሳምንት ሙቀት ሸሽተው ከቤተሰባቸው ጋር አርታ ኮረብታ ወጥተዋል። ሱቁ የኔ ነው። ሐጂ በሌሉበት መጀመሪያ የማደርገው ኤሲውን እስከ መጨረሻው መክፈት ነበር፤ ያን ቀን ማዳም ሻርፕ ደርባለች።

ፍርዱ እንዳይዛባ ተጠነቀቅኩ። ሁለቱም እኩል ሜሞሪ እንዲኖራቸው አደረግኩ። ዲስካቸውን አውጥቼ አንዱን ዲስክ በየተራ ለሁለቱም አስገባሁ፤ አንዱ አዲስ ዲስክ ይዞ ሌላውን ቢቀድም ድሉ የዲስኩ እንጂ የፕሮሰሰሩ አይደለም። ከማዳም ማሽን ቁልፎች መሐል ዱቄትና እርድ ጠረግሁ። ከዚያ ትልቅ የኤክሴል ፋይል ማስከፈት፣ ማስደመር፣ ወፍራም ፎልደር ማስጨመቅ። ሙሴ ኳስ ሜዳ እንዳለ ሰው ቆሞ ነው የሚያየው። ማዳም ጣሪያውን ታያለች። ሰባቱ በሁሉም አሸነፈ፣ ያውም በሰፊው። ሙሴ ማሽኑን መታ መታ አደረገው።

«የኔ ቢያንስ ምግብ አብስሎ ያውቃል» አለች ማዳም። የምግብ አሠራር የምታነብበት እሱ ላይ ነበርና።

«ሰባቱን ውሰጂ» አልኳት ዘነበችን። «ፈጣን ነው።»

አምስቱ ትምህርት ቤቱ እስኪወስደው ሱቅ ቀረ።

እሑድ ከሰዓት ዘነበች ሰባቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ገባች። ፊቷን ሳይ ገባኝ። የግርማ ኮንቴነር ኤሲ የለውም፤ ነበረው፣ ሞቷል። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲበላው አርፍዷል። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፣ ሾፌሮቹም «እቺ ልጅ ታስኬዳለች» እያሉ ነበር። ከዚያ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ከዚያ አንድ ፊደል ትመታለች፣ ፊደሉ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ሾፌሮቹ ጥሩምባ ነፉ። በመጨረሻ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

«‹እህቴ፣ መኪና አይጠብቅም› አለኝ ግርማ» አለች። «ጋሽ ተካ፣ ፈጣን ነው አላሉኝም?»

ብዙ ደንበኛ ጮኾብኛል፣ አንዱም ቻርጀር ወርውሮብኛል። የሷ ቀስ ያለ ጥያቄ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። አፈርኩ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ለሐጂ ደወልኩ።

ሐጂ በማግስቱ ከአርታ ወረዱ። ኤሲው እየነፋ አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ አጠፉት። ከዚያ ወደ ዘነበች ዞሩ።

«ይኼ ሰባቱ የት ነው ያደገው?»

«ቢሮ ውስጥ ነው ሐጂ። ሙሴ ኤሲ ሳይከፍት አይገባበትም። እኔ ሳጸዳ ብርድ ይይዘኛል።»

«አንድ ቀን ሙቀት አይቶ ያውቃል?»

«ከሙሴ ጋር?» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

ፈታሁት። በፋኑና ሙቀት በሚያስወጡት ቀጫጭን ክንፎች መካከል አቧራ ተደራርቦ ምንጣፍ ሠርቷል። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት የሚያሻግር ቅባት ደርቆ ጠመኔ ሆኗል። ማሽን ሲሞቀው እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አሁንም ካልበረደለት ይጠፋል። ይኼኛውን የሙሴ ኤሲ ሲሸከምለት ኖሮ ሕመሙን ማንም አላወቀበትም። እኔም በኤሲ ስፈትነው ያንኑ ሕመም ደበቅኩለት። የማዳም አምስት ግን ወጥ ቤት እንፋሎትና ምድጃ አጠገብ ነው ያደገው፤ ሲታፈን ወዲያው ስለሚያስታውቅ ዘነበች እየተላከች በየጊዜው ሐጂ ዘንድ አስጠርጋዋለች። ሐጂ ገና ሲያዩት «ይኼማ ልጄ ነው» አሉ።

ሰባቱን ጠረግሁ፣ ቅባት ቀየርኩ። ቀትር ላይ ሁለቱን በር ከፈትን። ነፋሱ አሸዋውን ይዞ ገባ። ሁለቱን ማሽን ጎን ለጎን አስቀምጠን ያንኑ ፋይል ደጋግመን አስሠራናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ሐጂ ሻይ ጠጥተው፣ ሰግደው እስኪመለሱ ድረስ። ሰባቱ መጀመሪያ ላይ ጥሎት ሄደ። አካሉ ግን ቀጭን ነው፣ ፋኑም ትንሽ፤ እየቆየ ሲሄድ ደከመ። አምስቱ ሲጀምር በነበረው ፍጥነት ነው የጨረሰው። በመጨረሻ እንደውም ቀደመ። እኔ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ሐጂን አየኋቸው።

«እኔኮ የመብራት ነገር ይመስለኝ ነበር» አልኳቸው።

«የመብራትም ነው» አሉ ሐጂ። «ወላሂ፣ ኤሲ ስንት እንደሚበላ ታውቃለህ?»

ማሽኑ ተገኘ፤ ወንበሩ ግን የለም። ግርማ ጋ ደወልኩ። «አቶ ግርማ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ ልጅቷን አንድ ጊዜ ደግመው ይዩልኝ» አልኩት። «ጋሽዬ፣ እዚህ የሰፈር ትምህርት ቤት አይደለም፣ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ» ብሎ ዘጋው። ዘነበች አጠገቤ ሆና ሰምታለች። የደላላውን ስልክ ቁጥር እንዳልጣለችው ያን ዕለት ነው የነገረችኝ። ሐጂ «አታጥፊው፣ ግን አትደውዪ» አሏት።

ሳምንቱ ሳያልቅ ግርማ ራሱ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልሎ ሱቃችን ከተፍ አለ። ያገኘው ሌላ ሰው ማሽንም በኮንቴነሩ ውስጥ ጠፍቷል፤ ከሱ በኋላ የመጣውም ሰው እንደዚያው። በመጨረሻ ግርማ በንዴት የራሱን አምጥቶ ቁጭ አለ፤ የሱም ጠፋ።

«አዲስ ነው እኮ!» አለ ላቡን እየጠረገ። «ውድ ነው!»

ሐጂ ገለበጡት፣ በጣታቸው ነኩት። «ታዲያ መጥፎ ነው፣ ጣለው።»

«እንዴት እጥለዋለሁ ሐጂ? ሙቀቱ ነው እንጂ እሱ ምን አጠፋ?»

«ሙቀቱ ነው።»

«አዎ! እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ማን ይችላል?»

«ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ ልጅቷንስ ለምን ጣልካት?» አሉት።

ግርማ በፎጣው ፊቱን ጠረገ፣ እኔን አየኝ። እኔ የሌለ ብሎን ፈልጌ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ ሳቄን እንዳያይብኝ። ግርማም «በሉ እሺ፣ እሑድ ትምጣ» አለ።

አሁን የቀረው ሙሴን ማስቀየም ነው። ዘነበች ሰባቱን መልሳ አምስቱን ለመጠየቅ ሁለት ቀን ፈራች። በመጨረሻ እራት አቅርባ ተናገረች። ማዳም ተነስታ አቀፈቻት። ሙሴ ሹካውን አስቀምጦ ፈተናው በትክክል አልተካሄደም፣ ሙቀት በመመሪያው ላይ የለም፣ አለ። በማግስቱ ሱቅ መጥቶ እኔን ሊያስረዳኝ ሞከረ። ቀትር ነበርና ሐጂ ወንበር በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ መግቢያ ላይ አደረጉለት። ብዙም ሳይከራከር ሄደ።

እሑድ ዕለት ሐጂ ኮንቴነሩ ድረስ በመኪናቸው አደረሷት፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ፣ ውስጥ ግን አልገባሁም። አልቻልኩም። ከሾፌሮቹ ጋር ጥላ ውስጥ ቆሜ የማዳምን ማሽን ፋን ድምፅ ስሰማ ዋልኩ። ያን ፋን ዘይት የቀባሁት ራሴ ነኝ፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ በሩ አንገቴን አሰግጋለሁ። አይፈጥንም፣ ግን አይቆምም። መኪናው አንድ በአንድ ይንቀሳቀሳል። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ሰልፉ ሲያጥር በዓይኔ አየሁ። አንድ የወሎ ሾፌር ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ «ዛሬ ምን ተገኘ? ምሳዬን ሳልበላ አለቀልኝ» አለ። እኔ ለማላውቀው ሰው ሻይ ጋበዝኩ። ዘነበች ስትወጣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ እጇን እያራገፈች ነበር። ከኋላዋ ግርማ ብቅ ብሎ «ነገም በጊዜ ነይ» አላት። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አልቀረሁም።

ሙሴና ማዳም የሚበሩበት ቀን ሻንጣቸው ስለበዛ የሐጂን መኪና ነድቼ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ዘነበች ሥራ ከመግባቷ በፊት ልሸኛቸው ብላ አብራን መጣች። ሻንጣውን አውርደን ስንጨርስ ሙሴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«በኔና ባንቺ መካከል ይቅር፤ የቱ ነው ፈጣኑ?»

«የርስዎ ነው ሙሴ» አለችው።

ሙሴ ቀና አለ። ማዳም ግን ሰምታ ኖሯል።

«ታዲያ የኔን ለምን ወሰድሽ?» አለች እየሳቀች።

«የርስዎ ወጥ ቤት ነው ያደገው ማዳም» አለች ዘነበች። «እንደኔ። ሙቀቱን እንደሚችል አውቃለሁ።»

ማዳም ሳቋን አቆመች። እጇን ዘርግታ የዘነበችን እጅ ያዘች። ዘነበች ሁለቱንም በየተራ ሳመቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሽ ተካ፣ እንሂድ። መኪኖቹ ተሰልፈዋል።»